ታናሻችን ዛሬ ከትምህርት ቤት ውሎአልን?

ርእሰ አንቀጽ

ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመልቀቂያ ፈተናቸውን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደርጎአል። ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፥ ቆሎና ዳቦ በቦርሳቸው ይዘው፥ ከአውቶቡስ እየወረዱ በግቢው በር ሲሰለፉ ከመካከላችን ገሚሱ አልጋውን ለቆላቸው ሲወጣ አይቶአቸዋል፤ ገሚሱም ራሱ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ነበር። ፎቁን አሻቅቦ እያየ «ለከርሞ እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ ያልሰማ ከእኛ ውስጥ ማን አለ? እኛም ራሳችን ብለነዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከተፈታኙ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ቍጥሩ በኋለኞቹ ዓመታት ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመቶው ዘጠኙ እንኳ ሳይሞላ ደስታችንን በልክ ማድረግ ይገባናል።

ውጤቱ በተነገረ ሰሞን ወቀሳ ይበዛል። መምህሩ ወላጁን፥ ወላጁ መምህሩን፥ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ልጁንና ስልኩን ይወቅሳሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሁሉም የየራሱን ይሰነዝራል። እያንዳንዱም ጥቂት ጥቂት እውነት አለው። እኛ ግን በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልንናገር የፈለግነው ስለ ፈተናው ቀን አይደለም። የፈተና ውጤት መርዶ ነው፤ መርዶም ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። ነገሩ የሆነው ግን ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት፥ በ9ኛ ክፍል፥ በኅዳር ወር፥ ማንም ልብ ሳይለው፥ በአንድ ሰኞ ጧት ነው።

ከዚህም ሌላ በቍጥሩ ውስጥ ከቶ ያልገባ ልጅ አለ። እርሱም ከፈተናው ሳይደርስ በመንገድ የቀረው ነው። እርሱ አልወደቀም፥ አላለፈምም፤ ስሙ ከክፍል መዝገብ ተሰረዘ እንጂ። ስለ እርሱ ጋዜጣ አይጽፍም፥ ሬዲዮም አይናገርም።

ያ ሰኞ ጧት እንዴት እንደሚመጣ ለማያውቅ አንባቢ እንናገር። የባላገር ልጅ 8ኛ ክፍልን በሰፈሩ ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በወረዳው ከተማ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት ሲወጣ በእግሩ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ እንጀራውን፥ ሽሮውንና በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራው እስከ ረቡዕ ቢደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ይሻግታል ወይ ያልቃል። ሐሙስና ዓርብ በቆሎና በውኃ ይታለፋሉ። የአጨዳው ወራት ሲደርስ አባት «ሰኞን ብቻ አግዘኝ» ይላል። ልጁም አባቱን እንቢ ማለት አይቻለውም፤ የሚበላው ከዚያው እህል ነውና። ሰኞ ይቀራል። ማክሰኞ ሲገባ የሒሳቡ መምህር አዲስ ምዕራፍ ጀምሮአል። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ልጁ ከሌሎቹ ጋር አብሮ «አዎን» ይላል። አልገባውም፤ ነገር ግን ብቻውን እጁን አንሥቶ ለመናገር ያፍራል።

በከተማ ያለውም ልጅ የራሱ ሰኞ አለው። በፈረቃ የሚማረው፥ ግማሹን ቀን በሊስትሮ ወይም በእናቱ ጕሊት የሚውለው፥ ሥራው ሲቀናው ፈረቃውን ያሳልፋል። የዩኒፎርም መግዣ ያጣው ዘበኛው ከበር እንዳይመልሰው ብሎ በዚያ ሳምንት አይሄድም። አንድ ቀን መቅረት ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፥ ልጁ መወሰዱን የሚያውቀው እግሩ መሬት መርገጥ ሲያቅተው ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ትምህርት በሳምንት አምስት ቀን ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከትምህርቱ ሁሉ አንድ አምስተኛውን አጥቶአል። ይህን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቢቀጥልበት፥ ያጣው ተደምሮ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ከፈተናው አዳራሽ የሚቀመጠው 12ኛ ክፍልን ተምሮ ሳይሆን ከ11ኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። አልጠናም ብለን እንወቅሰዋለን፤ ያልተማረውን እንዴት ያጥናው?

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚያስጠነቅቅ ደወል የለም። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለ ቀረ፥ ልጁ የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ካለፈ ወዲያ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ማንም አይጠይቀውም። ያ ፈተና ብዙ ልጅ ያለ ዕድሜው ከትምህርት የሚያስወጣ ስለ ነበረ መቅረቱን እኛ አንነቅፍም። ነገር ግን ክፉም ቢሆን ደወል ነበር። ደወሉ ከተነሣ በእርሱ ፈንታ የሚጠራ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ድምፅ የማን ይሁን? የእኛ ይሁን እንላለን።

ይህን ስንል በሌላው ላይ ጣታችንን ለመቀሰር አይደለም። ከዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች አንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጋር በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ታላቁ ሌሊቱን መብራት አብርቶ ያጠናል፤ ታናሹ በመብራቱ ምክንያት እንቅልፍ ያጣል። ውኃ የሚቀዳውም፥ ሽሮውን የሚሠራውም ታናሹ ነበር፤ ልማዱ እንዲህ ስለ ሆነ ሁለቱም ነገሩን እንደ ጕዳት አልቈጠሩትም። ከዕለታት አንድ ቀን ልጁ ራሱን እንዳመመው ተናግሮ ተኝቶ ዋለ። በማግሥቱም፥ በሣልስቱም እንዲሁ። ከዚያም ስንቅ ላምጣ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ታላቁ የኪራዩ ድርሻ በእርሱ ላይ በመውደቁ ተቈጣ እንጂ፥ ልጁ ወዴት ደረሰ ብሎ አልጠየቀም። ፈተና ነበረበት፤ ፈተናውንም አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕረፍት ሲሄድ በአውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ረዳት «እንደምን ነህ ጋሼ» ብሎ ሻንጣውን ተቀብሎ ከመኪናው አናት ላይ ጫነለት። ያው ልጅ ነበር። ብዙም አልተነጋገሩም። መኪናው ሊነሣ ሲል ግን ልጁ ጠጋ ብሎ «ያ የባዮሎጂ መጽሐፌ አልጋው ሥር ቀርቶ ነበር፤ አገኘኸው እንዴ?» አለው። መጽሐፉ ለአከራይዋ ልጅ ተሰጥቶ ነበር። ባልደረባችን ይህን ሲነግረን፥ ልጁ መጽሐፉን ትቶ የሄደው ሊመለስ አስቦ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ብቻ ገባኝ አለ። አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ በእርግጥ ይመለስ ነበር ለማለት ዋስ የሚሆን የለም። ነገር ግን አልተጠየቀም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ፥ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚለውን አሳብ ከልባችን ማውጣት ይገባናል። ቀርበን ብንጠይቅ ስንፍና ከምንለው ነገር በስተ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሰውነት ወይም የልብ ችግር እናገኛለን። ከእነዚህም ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ሊያያቸው የሚችሉትን ጥቂቶቹን እንቍጠር።

የመጀመሪያው ምግብ ነው። ቍርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ዐይኑ ከሰሌዳው ላይ ቢሆንም ጆሮው የሚጠብቀው ደወሉን ነው። ገንዘብ ለመስጠት አቅም የለንም፤ ነገር ግን አብሮ ማሰብ እንችላለን። ሦስት ልጆች ለየብቻ ከሚያበስሉ አንድ ላይ ቢያዋጡ ከሰሉም ዘይቱም ይተርፋል። ከሽሮው ጋር ጐመን ወይም ምስር ማከል ጠቃሚ ነው። ሻዩም ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቈየት ብሎ ቢጠጣ፥ ሰውነት ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ከምግቡ ለመውሰድ ይቀለዋል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው ሐኪሞች ይመክራሉ። በአገራችን ግን በጫትና በቡና ኃይል ሌሊቱን ዐይኑን አፍጥጦ ያደረ ልጅ እንደ ጀግና ይወራለታል። ይህን ወሬ ያወራነው እኛ ነን። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ «እኛ እንኳ ለማትሪክ ስንዘጋጅ አንተኛም ነበር» እያልን የምንፎክረው ፉከራ፥ ታናናሾቻችንን ቀን በክፍል ውስጥ አስተኝቶ ሌሊት ያስነቃል። ማታ ሁለት ሰዓት አጥንቶ የተኛ፥ ጧትም በንቃት መምህሩን የሰማ ልጅ ካደረው ልጅ የበለጠ እንደሚያውቅ ደጋግመን መናገር አለብን።

ሦስተኛው ትኩሳት ነው። ወባ ባለበት አገር በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ይህም የትምህርቱ መሠረት የሚጣልበት ወራት ነው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ጋቢ ተከናንቦ ላብ እስኪወጣው መጠበቅ የለበትም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። የተሰጠውንም መድኃኒት፥ ተሻለኝ ብሎ በሁለተኛው ቀን ሳያቋርጥ፥ እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ወላጆቹ ሩቅ ለሆኑበት ልጅ «ተነሥ፥ አብረን እንሂድ» የሚለው ሰው ከአጠገቡ ያለው ብቻ ነው።

አራተኛው ዐይን ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሰሌዳው ጽሕፈት የማይታየው ልጅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ እርሱም አያውቀውም፤ ሰው ሁሉ እንዲያ የሚያይ ይመስለዋል። ደብተሩን ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ፥ ሲያነብ ግንባሩን የሚቋጥር ልጅ ስናይ እንጠርጥር። መነጽር ዋጋ አለው፤ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ መምህሩን መለመን ግን ዋጋ የለውም።

አምስተኛው የማይታየው ነው፤ ሐዘንና ጭንቀት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፥ ከዚያም ወዲያ በሌሎች ግጭቶች ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፥ ቤተ ሰባቸው የተበተነባቸው ልጆች አሉ። የተመለሱትም ዕድሜያቸው ከክፍላቸው አልፎ ከታናናሾቻቸው ጋር መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። ቀድሞ ይጫወት የነበረ ልጅ ዝም ካለ፥ ምግብ ከተወ፥ «እኔ ምን ዋጋ አለኝ» ማለት ካበዛ፥ ይህ ፀባይ አይደለም፤ ሕመም ሊሆን ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህን በሽታ ግን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ ሳይሆን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውም ነው።

ስለ እኅቶቻችን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የወር አበባ በመጣ ቍጥር ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ ሌላ ምክንያት ሳይጨመርበት በየወሩ ሦስት የትምህርት ቀን ታጣለች። ይህን ነገር በጋዜጣ ማንሣት ነውር የሚመስለው አንባቢ ካለ፥ ነውሩ መናገሩ ሳይሆን አንዲት ልጅ ንጹሕ ጨርቅና የሚዘጋ በር በማጣቷ ከትምህርት መቅረቷ መሆኑን እናስታውሰዋለን። የሚታጠብ ጨርቅ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ እንዳለበት፥ ሕመሙም ቢበረታ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ማስታገሻ መኖሩን የምትነግራት ታላቅ እኅት ታስፈልጋታለች፤ እናቷ ሩቅ ናትና። ደግሞም ከወንድሟ ጋር ተከራይታ የምትማረዋ ልጅ ውኃውም፥ ወጡም፥ ልብስ አጠባውም በእርሷ ላይ ነው። ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ታበስላለች፤ በመጨረሻም «ከእርሱ ይልቅ እርሷ ሰነፈች» ይባላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎአል። ነገር ግን ሕጉ ከ9ኛ ክፍል ተማሪዋ ቤት ሽማግሌ ሲላክ የሚነገረው፥ የሚያውቀው ሰው አፉን ሲከፍት ብቻ ነው። በዘመድ መካከል «ትጨርስና ታግባ» ብሎ መናገር ከእኛ ከተማርነው ካልመጣ ከማን ይመጣል?

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር እንዳለ እናውቃለን። «እኛ ራሳችን በካፌ ምግብ የምንኖር ድኾች ነን፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ወዳጅ አለን። እውነት ነው፤ መጽሐፍ ማሳተም፥ መምህር መቅጠር፥ ትምህርት ቤት መሥራትና የተራበን ተማሪ መመገብ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ይህንንም ከመጠየቅ ዝም አንልም። ነገር ግን መንግሥት «ትናንት ለምን ቀረህ?» ብሎ አንድን ልጅ በስሙ ሊጠራው አይችልም። ይህን የሚችል ልጁን የሚያውቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። «ተምሮስ ምን ሊሆን ነው? ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡትን ታናሾቻችን እያዩ አይደለምን?» ይባላል። ይህንም አንክድም። ሥራ ያጣ ምሩቅ በየሰፈሩ አለ፤ ነገም ከመካከላችን አንዱ ይሆናል። ሆኖም ከትምህርት የቀረው ልጅ ሥራ ሲያገኝ አላየንም፤ ያገኘውም ቢሆን ከሁሉ የከበደውንና ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለውን ነው። ማንበብና መቍጠር የቻለ ሰው ተበድሮ ሲፈርም ምን እንደሚፈርም፥ ልጁ ሲታመም መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ያውቃል። ስለዚህ በዕረፍታችን ወቅት ከቡናው ዙሪያ ተቀምጠን በትምህርት ላይ የምንቀልደውን ቀልድ እንጠንቀቀው። እኛ ቀልደን ወደ ግቢያችን እንመለሳለን፤ ቀልዱን የሰማው የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ምክር አድርጎ ይይዘዋል።

አሳባችን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥራ ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ የሚበዙትም በትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ዛሬ ያ ግዴታ የለም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ያልነበረ ነገር አለ። የዚያን ዘመን ተማሪ ታናሹን ለማግኘት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነው በየክልሉ ስለ ተበተኑ፥ ከግቢያችን አጥር ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ዓመት ስጡ ብንባል ያስጨንቀን ይሆናል፤ የምንጠይቀው ግን በሳምንት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ እያንዳንዱ አባል አንድ ልጅ ይያዝ። ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ይሁን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። አሥር ልጅ ይዞ ከመርሳት አንዱን ይዞ ማድረስ ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ አራት ጥያቄ ይጠይቅ፤ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ቀረህ? ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ከተማርከው ያልገባህ የቱ ነው? ሌላው ወሬ ከእነዚህ ይከተላል። በአካል መገናኘት ካልተቻለ በስልክ ይሁን።

ሦስተኛ፥ የቀረባቸውን ቀናት በትንሽ ደብተር ይመዝግብ። በአንድ ሳምንት ሁለት ቀን ከቀረ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ይሂድ።

አራተኛ፥ የልጁን የክፍል ኀላፊ መምህር ይተዋወቅ፤ የወላጆቹንም ፈቃድ ይጠይቅ። መምህሩ ረዳት ያገኘ እንጂ ተቈጣጣሪ የመጣበት እንዳይመስለው በትሕትና ይቅረብ።

አምስተኛ፥ ሲያስጠና ከሥር ይጀምር። ብዙ ልጅ በፊዚክስ የሚወድቀው ክፍልፋይ ማባዛት ስለማይችል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነም፥ አንዲት አንቀጽ አብሮ አንብቦ በአማርኛ ወይም በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስረዳ ማድረግ፥ አንድ መቶ የፈተና ጥያቄ ከማሸምደድ ይሻላል።

ስድስተኛ፥ ከትምህርት ወጥቶ የቀረ ልጅ የሚያውቅ አባል፥ ከምዝገባው ጊዜ አስቀድሞ ይፈልገው። ቤተ ሰቡን ያነጋግር፤ ቀን የማይመቸው ከሆነ የማታ ትምህርት ባለበት ያስመዝግበው። የቀረ ልጅ የሚፈራው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን በበሩ ብቻውን መግባቱን ነው፤ ያን ቀን አብሮት የሚገባ ሰው ያስፈልገዋል።

ማስጠንቀቂያም አለን። ሐኪም አንሁን፤ የእኛ ሥራ ልጁን ከሐኪም ማድረስ ነው። አንድ ልጅ ስለ ሞት ቢያወራ፥ ወይም አንዲት ልጅ መደፈሯን ብትናገር፥ ይህ በሆዳችን የምንይዘው ምሥጢር አይደለም፤ በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያና ከሚታመን ታላቅ ሰው ዘንድ መድረስ አለበት፤ ብቻቸውንም አንተዋቸው። ሴት ተማሪን ሴት አባል ትያዛት፤ ጥናቱም በገሃድ፥ በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ይሁን። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቀበልም፥ ልጁን ልብስ ማሳጠብና ውኃ ማስቀዳትም ነውር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማንፈጽመውን አንጀምር። ሦስት ሳምንት መጥቶ የጠፋ ታላቅ ወንድም ከቶ ካልመጣው ይከፋል፤ ልጁ የተረዳው ሰው ሁሉ እንደሚተወው ነውና።

የአንድ ሰው አንድ ልጅ መያዝ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ግቢ የያዘው ግን ሃምሳ ሰው ሳይሆን ብዙ ሺህ ነው። ማኅበራችንም መዝገብ ከፍቶ፥ የትኛው አባል የትኛውን ልጅ እንደ ያዘ ጽፎ፥ በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ በስብሰባ እንዲጠይቀን እንሻለን። ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ መኝታ ቤቱ ውኃ የምንሰበሰበውን ያህል ስለዚህም እንሰብሰብ።

ለከርሞም ተፈታኞች ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው በበራችን ይሰለፋሉ። ያን ቀን ልንረዳቸው ብንፈልግ የሚቻለን አልጋ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ጊዜው አልፎአል። ዛሬ በ9ኛ ክፍል ላለው ግን ጊዜው አላለፈም። ይህችን ጋዜጣ ያነበብህ ወንድማችን፥ ያነበብሽ እኅታችን፥ አጥፋችሁ ከደብተራችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን ልጅ ስም አስቡ። ከዚያም ደውላችሁ ጠይቁት፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ውሎአልን?